ስለ ቀጭን ሽቦና ስለ ከባድ ምጣድ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! አከራይ ስማ! ተከራይ ስማ! “ችግር የለውም፣ ይችላል” እያልክ ሽቦ የምትጎትት ባለ ፒንሳ ሁሉ ስማ!

እኛ፣ በነፍሳችን ሳለን በሲሚንቶ የተለሰንን የግቢው ሽቦዎች፣

ለአምፖል ተብለን ተዘርግተን ምጣድ እንድንሸከም በመደረጋችን፤

ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ፣ ከሰርቪስ ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ አዲሱ ቆርቆሮ ቤት እየተቀጣጠልን መነሻችንን ራሳችንም በመርሳታችን፤

አቤቱታችንን በሽታ ብናሰማም “የሚሸተው ከጎረቤት ነው” ተብሎ በመታለፉ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

“ምጣድ” ማለት 3500 ዋት ገደማ የሚጠጣ፣ እሱ በበራበት ቀን ካውያ እንዳይነካ የሚከለክል የግቢው ገዥ ነው። “ብሬከር” ማለት የሽቦ ዘበኛ ነው፤ የምጣድ አሽከር አይደለም። “ይችላል” ለሚለው ቃል ትርጉም ተፈልጎ አልተገኘም።

አንቀጽ 2፦ ስለ ስሌት

ሽቦ በኪስ አይለካም። ማንኛውም ገዢ መርካቶ ከመውረዱ በፊት የዕቃውን ዋት ለ220 ቮልት እንዲያካፍል ታዟል። 3500 ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይመጣል። በቱቦ ውስጥ የተቀበረ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ አቅሙ ከዚህ ቁጥር ብዙም አይርቅም፤ ምጣዱን ለብቻው ሲሸከም እንኳ ትንፋሽ አይተርፈውም። እትዬ “ሊጡ እስኪያልቅ ወጡን ላማስል” ብለው ስቶቩን ከዚያው መስመር የሰኩ እንደሆነማ ጉድ ፈላ! ከረንቱ እጥፍ ሲሆን የሽቦው ሙቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ይህን ሕግ ያወጣነው እኛ አይደለንም። ጄምስ ጁል የተባለ እንግሊዛዊ የቢራ ጠማቂ ልጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያረጋገጠው ስለሆነ ይግባኝ አይባልበትም።

ስለዚህ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5። ለምጣድ ግን ከብሬከሩ ሳጥን ተነስቶ ማንም ሳይቀላቀለው የሚሄድ ባለ 4፤ መንገዱ ከረዘመ 6። አሉሚኒየም ይዞ የመጣ ከዚህም ያወፍር።

አንቀጽ 3፦ ስለ እንጀራ ዓይን

አንዳንድ ወገኖች “ሽቦው እስካልነደደ ምን ቸገረን” ማለታቸው ተደርሶበታል። ይህን የሚሉት የሚበሉትን እንጀራ ባያዩት ነው። ከሳጥኑ 30 ሜትር ርቆ በባለ 1.5 ሽቦ የሚሠራ ምጣድ ከ220ው ቮልት 11 ያህሉን መንገድ ላይ ይገብራል፤ ከጉልበቱም አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። የተገበረውም የትም አልሄደ፤ ከ150 ዋት በላይ ሆኖ ግድግዳ ያሞቃል፣ ሒሳቡም ከቆጣሪው ላይ ይቆረጣል።

ምጣዱ በወጉ ሳይግል ሊጡ ይፈሳል፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ያኔ እርሾው ይከሰሳል። ጤፉ ይከሰሳል። “ቀላቅለውበት ነው” ተብሎ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ኩርፊያ ይገባል። ይህ አዋጅ እርሾውን፣ ጤፉንና ወፍጮ ቤቱን በነጻ አሰናብቷል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ቅጣት

ብሬከሩ ደጋግሞ ቢወርድበት “ይሄ ደግሞ አስቸገረ” ብሎ ባለ 16ቱን ነቅሎ በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ባለ 32 የተከለ ሰው፣ “ሌባ!” ብሎ የጮኸውን ዘበኛ አባርሮ ደንቆሮ እንደቀጠረ ይቆጠራል። ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ልክ ነው። በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ የመዳብ ክር ያሰረም እንዲሁ ጥፋተኛ ነው። ሁለቱም አንድ ሙሉ ቅዳሜ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ሙቀታችንን ሲያዳምጡ ይዋሉ። 2.5 ተብሎ የተጻፈበት፣ ላስቲኩ ወፍሮ መዳቡ የከሳ ሽቦ የሸጠ ነጋዴ ከመሃላቸው ይቁም።

አንቀጽ 5፦ ስለ አከራዮች

“ምጣድ ክልክል ነው” የሚል ማስጠንቀቂያ የሽቦ ምትክ አይሆንም፤ የተከለከለ ተከራይ ተደብቆ ይጋግራል። (በየበዓሉ ግድግዳውን ቀለም የሚያስቀቡ አከራይ ከቀለሙ በታች ያለነውን “እንዴት ናችሁ” ብለውን አያውቁም። ይህ በመዝገብ ይያዝልን።)

አንቀጽ 6፦ የተሻሩ ሕጎች

“ድሮም እንዲህ ነበር”፣ “የጎረቤትም እንደዚሁ ነው” እና በተለይ “ለጊዜው ነው” የሚሉ ልማዶች በሙሉ ተሽረዋል።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። መብራት የጠፋ እንደሆነ እስኪመጣ ይታገዳል። ሲመጣ ግን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን፣ ሊጥ ያደረበት ግቢ ሁሉ ተነስቶ ምጣዱን ባንድ ጊዜ ስለሚሰካ፣ አፈጻጸሙ በዚያችው ደቂቃ ይጀመራል።

ከግድግዳው ውስጥ
ባለ 1.5፣ ስለ ሽቦዎች ሁሉ