ሲመሽ የሚተኛው ካሜራ

ለቤቱ ካሜራ ሊገዛ መርካቶ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ስንት ሜጋፒክስል ይሁንልህ?» የሚል ነው። የእናቴ ግቢ ሌባ ከገባበት ወዲያ እኔም ለዚሁ ጉዳይ ስዞር ነጋዴው ሁሉ የሚያሳየኝ የምስል ጥራት ነበር። ስለ ኬብል ያነሣልኝ ሰው አልነበረም። ኬብል ምን ወሬ አለው?

ኖሮታል እንጂ!

አራት ካሜራ ተሰቀለ። ኃይሉንም ምስሉንም በአንድ ኬብል የሚያመላልሰው ፒኦኢ ስዊች፣ መቅጃውና ራውተሩ ዕቃ ቤት በቆመው የብረት ራክ ላይ ተደረደሩ። ራክ ደስ የሚል ሥርዓት አለው፤ የዕቃው የፊት ስፋት 19 ኢንች፣ የአንዱ እርከን ቁመት 4.45 ሴንቲሜትር ነው፤ የየትኛውም አገር ፋብሪካ ቢሠራው ልኩ ይገጥማል። ቀን ቀን ሁሉም ሠራ። ጀምበር ስትጠልቅ ግን የጓሮው ካሜራ ድርግም ይላል፤ ይነሣና ደግሞ ድርግም ይላል።

«ልጄ፣ ሌባው የሚመጣው ሌሊት፣ ይኼም የሚተኛው ሌሊት። ታዲያ ማንን ሊጠብቅ ነው?» አለችኝ እናቴ።

ካሜራውን ቀየርን፤ አዲሱም ሲመሽ ተኛ። ስዊቹን ጠረጠርን። በእያንዳንዱ ቀዳዳ 30 ዋት ይችላል እየተባለ በጠቅላላው 60 ዋት ብቻ የሚያወጣ ስዊች አለና ሒሳቡን አሰላን፤ ለአራቱ ይተርፋል። በመጨረሻ ኔትወርክ የሚዘረጋ ወዳጄ መጣ። የኬብሉን ጫፍ ላጠና ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አደረገው፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ወጣ። ካርቶኑ ላይ መዳብ ተብሎ የተጻፈበት ኬብል መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነበር።

ካሜራው ቀን የሚፈልገው ጥቂት ዋት ነው። ሲመሽ በጨለማ የሚያይበትን የኢንፍራሬድ መብራት ያበራና ፍላጎቱ ይጨምራል። አሉሚኒየም ደግሞ ኤሌክትሪክን ከመዳብ ይልቅ ይቋቋማል፤ ስለዚህ ኃይሉ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ጓሮው ከራኩ ሩቅ ነውና ቮልቴጁ ወርዶ ካሜራው ይጠፋል፤ መብራቱ ሲጠፋ ቮልቴጁ ያገግምና ካሜራው ይነሣል። ደህና የመዳብ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይህን አያደርግም።

ኮርኒስ ተከፈተ፤ ኬብሉ ተመዞ ወጣ፤ በቱቦው ውስጥ መዳብ ገባ። ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ ማየት ጀመረ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ የምንገዛው የሚታየውን ነው፤ ቤቱን የሚጠብቀው ግን የማይታየው ነው።

የመቅጃውን ዲስክም እንዲሁ ማየት ያስፈልጋል። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። አራቱ በ30 ቀን ከ5 ቴራባይት ያልፋሉ። ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ የገዛ ሰው ከስድስት ቀን በፊት የሆነውን ፈልጎ አያገኝም። ዲስኩም ሌት ተቀን እንዲጽፍ ለካሜራ ተብሎ የተሠራው ይሁን። ሁለት ዲስክ አንዱ የሌላውን ግልባጭ ቢይዝ አንዱ ሲሞት ሌላው ይተርፋል፤ ሌባ ራኩን እንዳለ ከወሰደው ግን ሁለቱም ስለሚሄዱ ዋና ዋናው ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

መብራት ሲሄድስ? በየሱቁ የሚሸጠው የትንሽ ዩፒኤስ ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ ተባዝቶ 84 ዋት ሰዓት። ጠቅላላው ዕቃ 80 ዋት ከበላ፣ ዩፒኤሱ ራሱ የሚያባክነው ሲቀነስ፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይደርስም። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ከፍ ያለ ባትሪ ቅንጦት አይደለም።

እንግዲህ ገንዘብ ለጠበበው ወዳጅ ሁሉ የምለው ይህ ነው፦ አራቱን ካሜራ ሁለት አድርግ፤ ሜጋፒክስሉንም ቀንስ። ከኬብሉ፣ ከባትሪውና ከዲስኩ ግን አትቀንስ። ካሜራ በኋላ መሰላል ተደግፎ ይጨመራል፤ ኬብል ለመቀየር ግን ቤት ይፈርሳል። ሱቅ ስትገባም ምላጭ ያዝ፤ ካርቶኑን ከማንበብህ በፊት ሽቦውን ፋቅ።