ሰንሰለቱ ጮኸ፤ ገባ ወይ?

ይህ ጥናት የሚመረምረው አሜሪካ ውስጥ ጓደኛሞች ከመሸ በኋላ መናፈሻ ገብተው፣ ሰሃን የምታህል የፕላስቲክ ዲስክ፣ ሰንሰለት ወደተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት እየወረወሩ የሚካሰሱበትን ሥርዓት ነው። ተሳታፊዎቹ ዲስክ ጎልፍ ይሉታል። ማስረጃው ግን ችሎት መሆኑን ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ1975 ፍሪዝቢ የተባለውን ተወርዋሪ ሰሃን ያሻሻለው ኤድ ሄድሪክ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ኦክ ግሮቭ መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ሲያቋቁም ዒላማው ተራ ምሰሶ ነበር። «ነካ»፣ «አልነካም» የሚለው ጭቅጭቅ ስላታከተው ሰንሰለትና ቅርጫት ያለው ዒላማ ሠርቶ በ1977 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ሙግቱን በብረት ዘጋው ማለት ነው። ፀሐይ እንደምትጠልቅ ግን የዘነጋ ይመስላል። በ2002 ሲሞት በፍላጎቱ መሠረት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ ዲስክ ሆኗል፤ ስለዚህ መሥራቹ ራሱ ቅርጫት ስቶ ሣር ላይ ሊወድቅ የሚችልበት ስፖርት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የሌሊቱ ዲስክ ወይ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት ብርሃን ጠጥቶ ለጥቂት ጊዜ ያበራል፣ ወይ ከሥሩ ትንሽ መብራት በፕላስተር ይለጠፍበታል። ቅርጫቱም መብራት ይታሰርለታል። የማይታየው ወርዋሪው ብቻ ነው። ደንቡ ከቅርጫቱ በ10 ሜትር ክልል ውስጥ ሆኖ የሚወረውር ሰው ዲስኩን ከለቀቀ በኋላ ሚዛኑን ሳይጠብቅ ወደፊት እንዳያልፍ ያዛል። በጨለማ ግን እግር ሁሉ ጻድቅ ነው።

ዋናው ግኝት ድምፅን ይመለከታል። ሰንሰለት መሃሉን ለመታውም፣ ጠርዙን ነክቶ ለተተፋውም እኩል ይጮሃል። የሚቆጠረው ሰንሰለቱ ወይም ቅርጫቱ ይዞ ያስቀረው ነው፤ አናቱ ላይ የተኛ እንኳ ዋጋ የለውም። ወርዋሪው ግን ጩኸቱን እንደሰማ እጁን ሽቅብ ያነሳል። ባላንጣው «ሲወድቅ ሰምቻለሁ» ይላል። ሣር ላይ የወደቀ ዲስክ እምብዛም ድምፅ እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሆኖም ይህ ምስክርነት ውድቅ ተደርጎ አያውቅም።

ሄዶ ማየት ይቻላል፤ መንገዱም አጭር ነው። ነገር ግን ብቻውን የሄደ ሰው ወሬው አይታመንም፤ ሁሉም አብረው ከሄዱ ደግሞ ተራው የማን እንደነበር መንገድ ላይ ይጠፋል። ቅርጫቱን ከበው በአንድ ጊዜ የሚወረውሩበት «የእሳት ቀለበት» የተባለ ስልትም አለ። በጨለማ ሲሞከር ውስጥ የቀረ አንድ ዲስክ ሦስት ባለቤት ያገኛል።

የተለየ ትኩረት የሚሻው ባለባትሪው ነው። የራሱን ዲስክ ሲያበራ አይቸኩልም፤ የሌላው ሲሆን «ሊያልቅ ነው እኮ» ይላል። ውድድሩ የሚያበቃውም ባትሪው ሲያልቅ ነው። ሁልጊዜ ባለቤቱ በሚመራበት ቅጽበት ማለቁ የኬሚስትሪ ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።