ጃርት የጻፈችው የኬላ ሕግ

ድሮ፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚመነዘርበት ዘመን፣ ከአፋር ቆላ ጨው እየጫነች ወደ ደጋ የምትወጣ አንዲት ነጋዴ አህያ ነበረች። አሞሌ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራልና ደጋ በሰላም የደረሰ ነጋዴ ያተርፍ ነበር። መንገዱ ላይ ግን ሰባት ኬላ ነበረ፤ በየኬላውም አንድ አንድ ዝንጀሮ። የሁሉም አለቃ ነጋድራስ ጅብ ነበር።

«ጌታዬ፣ ቀረጡ ስንት ነው?» ትላለች አህያ።

«እስቲ መጀመሪያ ጭነትሽን ልየው» ይላል ዝንጀሮ።

አይቶ ይተምናል። ዛሬ ከሃያ አንድ፣ ነገ ከአሥር አንድ። አንዱ ኬላ ላይ የተከፈለው ለሌላው አይቆጠርም። አንዳንዱ ዝንጀሮም የአሞሌውን ጠርዝ በድንጋይ ሸርፎ ፍርፋሪውን ወደ አፉ ይልካል። የተሸረፈ አሞሌ ደግሞ ገበያ ላይ ሙሉ ዋጋውን አያወጣም። አህያ ብዙ አጣች፤ የንጉሡ ግምጃ ቤት ያገኘው ግን ጥቂት ነበር።

ይህን ያየ ቀበሮ «ሁለት አሞሌ ስጪኝና በሌሊት በገደሉ በኩል ላሳልፍሽ» አላት። እሷ እምቢ ብትልም ብዙዎች ተከተሉት። ፍየል ከነጭነቷ ገደል ገባች፤ የተረፉትም ኮንትሮባንዱን ለመዱት። ግምጃ ቤቱ ሲጎድል ነጋድራስ ጅብ ቀረጡን ጨመረ፤ ቀረጡ ሲጨምር በገደሉ የሚሄደው በዛ። ድልድይ ፈረሰ፣ ጠጋኝ ጠፋ። ደጋ ላይ ጨው ሲጠፋ ላሞች አፈር መላስ ጀመሩ።

አንበሳ ሸንጎ ጠራ። ጅብ «ኬላ ይጨመር» አለ፤ ቀበሮ «ቀረጥ ይቅር» አለ። አህያ ግን ተነሥታ እንዲህ አለች፦

«ጃንሆይ፣ ቀረጥ አልከፍልም አላልኩም። የምሻገርበት ድልድይ፣ ከሽፍታ የሚጠብቀኝ ዘብ በቀረጥ እንደሚቆም አውቃለሁ። ነገር ግን ከቤቴ ስወጣ የምከፍለውን ልወቅ። ያወቅሁትን አስቤ እነግዳለሁ፤ ያላወቅሁት ግን ከነልጆቼ ያከስረኛል።»

አንበሳ ጃርትን አስጠራ። ጃርት ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ቀለም ነከረችና ብራና ላይ ጻፈች፦ በየትኛው ዕቃ ላይ ስንት እንደሚከፈል፣ የት እንደሚከፈል፣ ያልገባው ማንን እንደሚጠይቅ፣ የተበደለ ለማን አቤት እንደሚል። ብራናው በየገበያው ተሰቀለ፤ ማንበብ ለማይችል ተነበበለት። ለውጥ ሲኖር ነጋዴ ጭነቱን ሳያነሣ በፊት እንዲነገር ታዘዘ። አንድ ጊዜ የከፈለ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይዞ የቀሩትን ስድስት ኬላ ያልፋል።

በቅሎ ግን አሞሌ ከገብስ ሥር ደብቃ መጣች። ያጋለጧት ነጋዴዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ «አንቺ ያልከፈልሽው በእኛ ላይ ይጨመራል» አሏት። ቀበሮም ደንበኛ አጣ።

ይህ የአራዊት ወግ ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለአነስተኛ ነጋዴዎች፣ ማለትም ለደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች፣ የቀን ገቢ ግምት ሲነገር በተለያዩ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ነበር። «በምን ተሰልቶ ነው?» ላለ ባለሱቅ በቂ መልስ ካልተሰጠው ግምቱ የዝንጀሮ ትመና ይመስለዋል። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ አሻሚ በሆነ ጉዳይ ላይ በጽሑፍ ጠይቆ ትርጓሜ እንዲያገኝ መንገድ ከፍቷል። የጃርት ብራና ማለት ይኸው ነው፤ ገበያ ላይ ካልተሰቀለ ግን ለባለሱቁ እንዳልተጻፈ ነው።

ስለዚህ ደንብ የሚያወጣ ከማስከፈሉ በፊት ያሳውቅ፤ ነጋዴም የተጻፈውን አውቆ ድርሻውን ይክፈል።