ፊደል የበላች ፍየል

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኛ ራያ ቆቦ ላይ ግን ጉዱ መስከረምን የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም። ሰሞኑን ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ጥግ፣ ሾላው ሥር ባለችው የቄስ ትምህርት ቤት አንዲት ፍየል ገብታ የፊደል ገበታ በላች። ቀልድ አይደለም። ካርቶን ላይ የተለጠፈ የገበያ ገበታ ነበር። ከላይ ጀምራ ሀን፣ ለን፣ ሐን፣ መን ከነቤተሰቦቻቸው ጠራርጋ ሠ ላይ ስትደርስ ነው ሰው የደረሰባት። ባለገበታው ልጅ ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የኔታ፣ እሷስ ሠ ደርሳለች፤ እኔ ገና ለ ላይ ነኝ» ብሎ አረፈው።

የኔታ ሳቁ። ልጆቹም ሳቁ። እኔን ምን ያስቀኛል! በእኛ ጊዜ ፍየል ቆዳዋ ተፍቆ ፊደል ይጻፍባት ነበር እንጂ ፊደል አትበላም ነበር። የብራና ዳዊት በማኅደሩ ተንጠልጥሎ፣ ጢስና ላብ ጠግቦ፣ ከአያት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል እንጂ የማንም ከብት ቁርስ አይሆንም። የዘንድሮው ወረቀት ፍየል ባትበላው የቆላው ነፋስ ይወስደዋል፤ ነፋሱ ቢምረው ደግሞ ልጁ ራሱ አጣጥፎ አውሮፕላን ይሠራበታል።

ፍየሏንም ብቻ ምን አስወቀሳት። ልጁ መጠቆሚያውን ይበላ የለም እንዴ? ፊደል መቁጠሪያ ስንጥር ያስፈልጋል። ደጋ ቢሆን ስንደዶ ይቆረጣል፤ እዚህ ያለው የማሽላ አገዳ ነውና አገዳ ተፈቀደ። እነዚህ ብልጣብልጦች ታዲያ ከአገዳ ሁሉ መርጠው የሚያመጡት ጥንቅሽ ነው። ጠዋት ክንድ የሚያህል መጠቆሚያ ይዞ የተቀመጠ ልጅ፣ ረፋድ ላይ ስንዝር ይቀረዋል፤ ለምሳ ሲለቀቁ በጣቱ ነው የሚጠቁመው። የኔታ «መጠቆሚያህስ?» ሲሉት አፉን በእጅጌው ጠርጎ «ተሰበረ» ይላል። ከንፈሩ ላይ የሰፈረው ዝንብ ግን ይመሰክርበታል።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት መቼ ነው ዳዊት የሚደርሱት? ፊደሉ 33 ነው፤ በሰባት ሲባዛ 231። ከዚያ አቡጊዳው አለ፣ መልእክተ ዮሐንሱ አለ፣ ወንጌሉ አለ። ዳዊቱ 150 መዝሙር ነው፤ ጸሎተ ነቢያቱና ውዳሴ ማርያሙ ሲጨመሩ ልጅ ከልጅነት የሚወጣበት መንገድ ነው። ያውም አንዴ ማንበብ አይደለም። በግእዝ ንባብ ይኼዳል፣ በውርድ ይመለሳል፣ በቁም ንባብ ይጸናል። ተነሽ አለ፣ ወዳቂ አለ፣ ተጣይና ሰያፍ አለ። የዛሬ ልጆች ተነሹን ይጥሉታል፣ ወዳቂውን ያነሡታል። እኔ ከአጥሩ ወዲያ ተቀምጬ ስሰማ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ ያለኝም ጥርስ ጥቂት ነው።

ሲታረሙ ደግሞ ይከራከራሉ! አንዱ ባለፈው ምን አለ መሰላችሁ? «የኔታ፣ ዩቲዩብ ላይ ያሉት መምህር እንዲህ አይደለም የሚሉት።» እኔ ብሆን ኩርኩሙን አቅምሼው ነበር። የኔታ ግን ረጋ ብለው «ያ ሰው ከማን ነው የተማረው?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። «ጠይቀህ ንገረኝ፤ እኔም ልወቀው» አሉት። እስካሁን መልስ አልመጣም፤ የልጁ እናት ስልኩን ወስዳበታለች። በዕለቱ የኔታ ማንንም አልቆነጠጡም፤ አሁን መቆንጠጥም ቀርቷል። ልምጩ መቅረቱን እንኳ እየጎመዘዘኝም ቢሆን ተቀብያለሁ። የሚያንገበግበኝ በልምጩ ፋንታ የገባ ነገር አለመኖሩ ነው።

የጥቅምትን ነገር ደግሞ አታንሡብኝ። ከጎብዬና ከሮቢት ጀምሮ እስከ ዋጃ ድረስ ሜዳው ሁሉ ማሽላ ነው፤ ማሽላው ሲያሸት ግሪሳ ወፍ ይመጣል፤ ግሪሳ ሲመጣ ሾላው ሥር ሰው ይጠፋል። ሁሉም ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ያስጮኻል። ወፍ መጠበቁን አልጠላሁም፤ እኔም የበላሁት ከዚያው ነው። ግን ማማ ላይ ዳዊት አይደገምም ያለው ማን ነው? እኛ አንድ መስመር፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ መስመር፣ አንድ ድንጋይ እያልን ነው በቃላችን የያዝነው። የዛሬው ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ የሚደግመው የእግር ኳስ ተጫዋች ስም ነው። ከግሪሳው የባሰውንማ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አይተናል። የበረሃ አንበጣው የደረሰ እህል ላይ ሲወርድ ተማሪውም ካህኑም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ቆርቆሮና ጀሪካን ይዞ ሜዳ ወጣ። ያኔ እንኳ ትምህርት ከተዘጋ ወራት ሆኖት ነበር፤ በ2012 መጋቢት ኮሮና መጣ ተብሎ አገር በሙሉ በሩን ቆልፎ ነበርና።

በዚህ ሁሉ መሀል ዳዊቱን ቀጥ አድርጋ፣ ተነሹን በተነሽነቱ፣ ወዳቂውን በወዳቂነቱ የምታነብ አንዲት ሴት ልጅ አለች። ወንዶቹ ከኋላዋ ይንተባተባሉ። ደስ ሊለኝ ሲል ነሐሴ 16 ይመጣል። ሶለል ነው! ሹርባዋን ተሠርታ፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከጓደኞቿ ጋር በየደጁ እየጨፈረች ሳምንቱን ሙሉ የለችም። ሰቆጣ ሻደይ፣ ላሊበላ አሸንድዬ እያለ ነው የሚጨፍረው፤ የትም ብትሄድ ዳዊት የምትቆጥር ልጃገረድ በዚያ ሳምንት አታገኝም። ደጃችን የመጡ ዕለት አየኋት፤ ግጥሙን እየተቀበለች በውርድ ንባብ ዜማ ልታወርደው ቃጥቷት ጓደኞቿ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። እዚያ ላይ እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም ተማሪ ትምህርቱ ደሟ ውስጥ የገባው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። ኬጂ የሚሉት ነገር። ቆቦ ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ድንጋዩ የሚፋጅበት አገር ነው። በዚህ ሙቀት የአራት ዓመት ሕፃን ከረባት አስረው ይልኩታል! ሰኔ ላይ ደግሞ ተመረቀ ተብሎ ጥቁር ካባና ጠፍጣፋ ቆብ ያለብሱታል። ከምን ተመረቀ? ስንት መዝሙር ደገመ? የወተት ጥርሱ እንኳ አልወለቀም። እኛ ዳዊት ስንደግም ነበር ድግሱ። እናት ጠላዋን ትጠምቃለች፣ የኔታ ይመርቃሉ፣ ጎረቤት ይጠራል፤ ያ ልጅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብዳቤ ለመጣበት ሁሉ አንባቢ ነው። የጎረቤቴን የልጅ ልጅ አያቱ «እንዴት አደርክ የኔ ጌታ?» ስትለው «ፋይን» ይላታል። እሷም ታሟል መስሏት ፌጦ ፍለጋ ትሮጣለች።

በስተመጨረሻስ? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ ነው ተባለ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። ከመቶ ሦስት! የኔታ ከመቶ ሦስት ብቻ ቢያስደግሙ ኖሮ የዚህ አገር ቅዳሴ ያለ ዲያቆን በቀረ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከግብፅ መምህራን አስመጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት እስኪከፍቱ ድረስ፣ ቤተ መንግሥቱም ጸሐፊ የሚያገኘው እንዲህ ካለው ዛፍ ሥር ነበር። ዘመናዊውን ጠልቼ አይደለም፤ የእኔም ልጆች ተምረውበታል። ንባብ ሳይዙ ከረባት መያዛቸው ነው የከነከነኝ።

ይህን ሁሉ ለአንድ ወዳጄ ተናገርሁ። ከገበያው ማዶ ሕፃናት ቁርዓን የሚያስቀሩ ሸህ ናቸው። እኩያሞች ስለሆንን አንተ እንባባላለን። ቡናው እስኪደርስ በትዕግሥት አዳመጡኝና «ወዳጄ፣ ያንተውን ፍየል በላችው፤ የኔዎቹ ሉሁን ምን እንዳደረጉት ታውቃለህ? ሁለቱን ወዲህ፣ ሁለቱን ወዲያ አቁመው የኳስ ጎል!» አሉኝ። ማን አገባ ብዬ ጠየቅኋቸው። የእኛዎቹ ዲያቆናት አሸንፈው ኖሯል። ትምህርት ያላገናኛቸውን ጎል አገናኛቸው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደዚህ ወረደ፤ በ2014 ነሐሴም ተመልሶ መጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ ተብሎ ዓመት ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በክልሉ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ተዘርፈዋል፣ ተዘግተዋል። የእኛይቱ ዴስክ የላት፣ ኮምፒውተር የላት፤ ምኗ ይዘረፍ? ልጆቹ የሚቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው። ተኩሱ ጋብ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው የሀሁ ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ ተነሽ ወደቀ፣ ወዳቂ ተነሣ ብዬ አላጉረመረምሁም።

ታዲያ ይህችን የመሰለች ትምህርት ቤት የያዙት ሰው ምን ይበላሉ? ይህን የሚጠይቅ የለም። ድሮ የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር፤ ሲሶ ለቀዳሽ ይባል ነበር፤ መምህሩም ከዚያ ቀለቡን ያገኛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ ያም አብሮ ሄደ። ጭሰኛው መሬት ማግኘቱ ደግ ነው፤ እኔም ጨፍሬበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የኔታ ቀለብ በሰው ትዝታ ላይ ቀረ፤ የሰው ትዝታ ደግሞ እንደ ሆርማት ወንዝ ነው፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ አሸዋ ነው። ለኬጂው በየወሩ ብር ሲቆጥር ፊቱ የማይጠቁር አባት፣ ለየኔታ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ ብሎ ይሄዳል። ያውም ልጁን የሚልከው ክረምት ላይ፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቤት ውስጥ ሲረብሸው ነው።

ቅኔ ፈልጎ ከዚህ ቆላ ወደ ዋድላ የሚወጣ ወጣትም እየጠፋ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ የሰው ውሻ እየሸሸ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ማን ቀረ? ባጃጅ መንዳት ይሻላል ይለኛል፤ እኔም መልስ የለኝም፤ የባጃጅ ነጂ በቀን ሦስቴ ይበላልና። የዛሬው የኔታ ሲደክሙ ሾላው ሥር የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ደብሩን ጠይቁት፤ ቀና ብሎ የዞብልን ተራራ ያያል።

ስለዚህ የራያ ሰው ሆይ፣ ንዝንዜን ታገሥና ይህን አድርግልኝ። ልጅህን ክረምት ብቻ ሳይሆን በበጋም ቅዳሜና እሑድ ላከው። ሴቷንም ላካት፤ እንዲያውም እሷን አስቀድም። ባዶ እጃቸውን አትስደዳቸው፤ አውድማ ሲነሣ ከማሽላው አንድ ቁና፣ ከጤፉም እንደ አቅምህ ለየኔታ አስይዛቸው። እህል ከሌለህ ብርም ይቀበላሉ።