የአትሌት ፊርማ በአርሲ ደጋ፤ የመነሻ ጥናት

በውጭው ዓለም የስፖርተኛ ፊርማ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ገበያ ነው። ፊርማው በኳስ፣ በማሊያ ወይም በፎቶ ላይ ያርፋል፤ ባለሙያ ይመረምረዋል፤ ምስክር ወረቀት ይወጣለታል፤ ከዚያ ጨረታ ይወጣል። ዋጋውን የሚቆርጡት የፈራሚው ዝና፣ የፊርማው ብርቅነትና እውነተኛነቱ ናቸው ይባላል። ይህ ጥናት ሦስቱንም መለኪያዎች አሰላ ላይ ሞክሯቸዋል።

የዝና እጥረት እንደሌለ መግለጽ ተገቢ ነው። አሰላ ኃይሌ ገብረሥላሴን ያበቀለች ከተማ ናት። ከእሷ ወደ ደቡብ በቆጂ አለች፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና የዲባባ እህትማማቾች የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። ፊርማ ነጋዴ ቢሰማ ድንኳን ተክሎ ያድር ነበር። ተመራማሪው ግን በከተማዋ ሻይ ቤቶች ፊርማ ያለው ሰው ቢያፈላልግ ያገኘው አብሮ አደግ ብቻ ነው። አንዱ ከኃይሌ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል። ሌላው አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጧል። ምስክሮቹ ሁሉ እውነት ተናግረው ከሆነ፣ ያ ክፍል የተማሪው ቁጥር ከአዲስ አበባ ስታዲየም ታዳሚ የሚተናነስ አልነበረም።

ከዚህ የጥናቱ ዋና ግኝት ይመነጫል፦ አሰላ ውስጥ ፊርማ መጠየቅ ባዳ መሆንን በገዛ አፍ ማመን ነው። አብሮ አደግ ፊርማ አይለምንም፤ «አንተ ልጅ፣ ጠፋህ እኮ!» ነው የሚለው። ሽማግሌዎችማ ፊርማን የሚያውቁት በብድርና በዋስትና በኩል ስለሆነ፣ ሮጦ ያሸነፈ ልጅ ወረቀት ላይ ፈረመ ሲባሉ «ምን አግኝቶት ነው?» ብለው ይደነግጣሉ።

ኃይሌ አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ደብተሩን በግራ ክንዱ ያቅፍ እንደነበርና ያ አያያዝ በኋላም ከሩጫው እንዳልጠፋ የታወቀ ነው። ሰብሳቢ ባለበት አገር ያ ደብተር በመስታወት ሣጥን ይቀመጥ ነበር። አርሲ ግን የገብስ አገር ነው፤ ያለቀ ደብተር ሁሉ መጨረሻው የቆሎ መጠቅለያ ነው።

ብርቅነትን በተመለከተ፣ የፊርማ ዋጋ ፈራሚው ሲሞት ሽቅብ ይወጣል ይላሉ ነጋዴዎቹ። የእኛ ሰው ደግሞ ጀግና ሲያይ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «ዕድሜ ይስጥህ» ነው። የንብረቱን ዋጋ በገዛ ምርቃቱ የሚያወርድ ሰብሳቢ የንግድ ሳይንስ እስካሁን አልገጠመውም። ጥናቱ ገለልተኛ መሆን ቢኖርበትም እዚህ ላይ ከመራቂዎቹ ጋር ወግኗል።

እውነተኛነት ፈረንጆቹን ክፉኛ አስቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. «ኦፐሬሽን ቡልፔን» በተባለ ምርመራ በስፖርተኞች ስም እየፈረሙ የሚቸበችቡ ሰዎችን ሰንሰለት በጣጥሷል። እኛ ይህን ችግር በክብ ማኅተም ከፈታነው ቆይቷል። ኃይሌ ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም.፣ ደራርቱ ደግሞ ከእሱ ቀጥላ እስከ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ፕሬዚዳንት ደግሞ ደብዳቤ ይፈርማል። ስለዚህ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት የሆነችው ጀግና ፊርማ፣ ቀን፣ ቁጥር፣ «ጉዳዩ» እና ማኅተም ተሟልቶለት በየመዝገብ ቤቱ ቦክስ ፋይል ውስጥ ተኝቷል ተብሎ ይገመታል። ከዚህ በላይ የተረጋገጠ ስብስብ በዓለም አይገኝም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን የሚያስጨንቃት ግን ለደብዳቤው መልስ አለመሰጠቱ ነው።

አውቶግራፍ ጨርሶ አልነበረንም ማለት አይደለም። ትምህርት ሊጠናቀቅ ሲል ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ያ ልብ የተሣለበት ደብተር «የምትወደው ምግብ?»፣ «የምታደንቀው ሰው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ፈራሚው የክፍል ጓደኛ ነው፤ አትሌቱ የሚገባው በመልሱ ውስጥ ነው። እሱ እስክሪብቶ ሳያነሣ ስሙን ሌላው ሁሉ ጻፈለት።

ባዳን ከአብሮ አደግ የሚለየውን ይህን ሥርዓት ያናጋው ሰልፊ ነው። በስልክ ፎቶ ውስጥ ባዳና አብሮ አደግ አይለዩም፤ ለአንድ ቀን ሥልጠና ለመጎብኘት የመጣ እንግዳ የሻምፒዮኑን ትከሻ አቅፎ ይታያል፤ አንድ ዴስክ የተጋራው ሰው በእጁ ያለው ወሬ ብቻ ነው። ወሬ ደግሞ ሰሞኑን «እስቲ ፎቶውን አሳየና» የሚል ቀረጥ ተጥሎበታል። በዚህ የተነሣ አብሮ አደጎች ሳይቀሩ ስልክ እየደቀኑ መሰለፍ ጀምረዋል፤ በተመራማሪው ግምት ይህ ከባድ የማዕረግ ዝቅታ ነው።

በልጅነቱ ኃይሌን በሩጫ ቀድሞት እንደነበር የሚናገር አንድ የአሰላ ሰው ግን በአቋሙ ጸንቷል። ማስረጃ ሲጠየቅ፣ ያኔ ካሜራ እንዳልነበረ፣ ቢኖርም ኃይሌ ወደኋላ ቀርቶ ስለነበር በፎቶው ውስጥ እንደማይገባ አስረድቷል።