ማክስ ሸና፤ እልል በሉ!

ሥልጣኔ ዘግይቶም ቢሆን ካራማራን ተሻግሮ ጅጅጋ ገብቷል። የገባውም በአራት አጫጭር እግሮች ነው። ሆዱ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ከአንገቱ ተነሥተው ጅራቱ ጋ እስኪደርሱ የሚያደክም፣ ዳክስሁንድ የሚባል የጀርመን ውሻ። ስሙ ማክስ ነው። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ለፕሮጀክት ሥራ የመጣ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ የተከራየ ሰው ነው። ማክስ የሚኖረው ሳሎን፣ የሚተኛው ሶፋ ላይ፣ የሚሸናው ግን ደጅ እንዲሆን ተወስኗል። የእኔም እንቅልፍ ያለቀው በዚያ ውሳኔ ነው።

አሠራሩን ላላወቃችሁ ላስረዳ። ቡችላ ሽንቱን ይዞ የሚቆየው በዕድሜው ልክ ነው ይባላል፤ የሁለት ወር ከሆነ ሁለት ሰዓት፣ የሦስት ወር ከሆነ ሦስት ሰዓት ግድም። ስለዚህ ከእንቅልፉ ሲነሣ ይወጣል። በልቶ ሲጨርስ ይወጣል። ተጫውቶ ሲደክመው ይወጣል። ሌሊትም ይወጣል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይወሰዳል፤ ጉዳዩን እንደጨረሰም፣ ሰከንዶች ሳያልፉ፣ ይሞገሳል፣ ቁራሽ ሥጋ ይጎርሳል። ምንጣፍ ላይ ቢለቀው አይመታም፣ አይጮኽበትም። የተቆጡት ቡችላ የሚማረው ሰው መፍራትን ብቻ ነው ይላሉ አዋቂዎቹ፤ እውነታቸውን ነው። ዘዴው ይሠራል። ዳክስሁንድ ላይ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ እልኸኛ ዘር ነውና። ዝናብ ካካፋማ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰማዩን ይገመግምና ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ይገላገላል።

እንግዲህ ግቢያችን ከፈጅር አዛን በፊት በጭብጨባ ይነቃል። «ጎበዝ! ጎበዝ ማክስዬ! ጎበዝ የኔ አንበሳ!» እኔ ያደግሁት ሁለተኛ ወጥቼ ስመጣ «አንደኛ የወጣው ሁለት ራስ ነው ያለው?» በሚባልበት ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ እንኳ አላጨበጨቡልኝም። ስለዚህ ቅናት ቢጤ ቢሰማኝ አትፍረዱብኝ።

ግን ቅናቴን ዋጥ አድርጌ አሰብኩ። ዘዴው ለውሻ ከሠራ ለሰው የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? የከተሞቻችን አጥር ሁሉ «መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎበታል። አንዳንዱ ላይ የቅጣቱ ብር ጭምር ሰፍሯል፤ ጽሑፉ ራሱ ከሥሩ እርጥብ ነው። መከልከሉን ሞከርነው፣ መቅጣቱን ሞከርነው፣ አጥሩ ላይ መስቀልና ጨረቃ መሳሉንም ሞከርነው። ማሞገስን ግን አልሞከርንም። የማክስ ጌታ ያመጣልን ብርሃን ይህ ነው።

ስለዚህ የሽንት ሽኝትና ሙገሳ ጽሕፈት ቤት ይቋቋም። በየአጥሩ ሥር አንድ አሞጋሽ ይመደባል፤ ቅጥሩ በውድድር ሲሆን የድምፅ ፈተና አለው። አሞጋሹ በጎኑ የተቀቀለ የግመል ሥጋ የያዘች ከረጢት ያንጠለጥላል። ሻሂውን በላይ በላይ ጠጥቶ፣ ከበርጫ ተነሥቶ፣ አጥር አጥሩን እያየ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመው በቁጣ አይደለም የሚቀበለው፤ ክንዱን በእርጋታ ይዞ ወደ መጸዳጃው ይመራዋል፣ ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ሲወጣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ያጨበጭብለታል። በዕድሜም በማዕረግም ልዩነት የለም። ጺማቸውን በሂና ያቀሉ አዛውንትም ቢሆኑ፣ በሶማሊኛ አጎቴ ተብለው፣ «ጎበዝ አደር! ጎበዝ የኔ አንበሳ!» በሚል ሙገሳ ቁራሻቸውን ተቀብለው ይሸኛሉ።

የሥራ መደቡ በታሪካችን ያለ ነው የሚሉም አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የምትባል ቺዋዋ ነበረቻቸው። የፖላንዱ ጋዜጠኛ ካፑሺንስኪ በመጽሐፉ፣ ውሻዋ የመኳንንቱን ጫማ ስታረጥብ ጫማውን በጨርቅ መጥረግ ብቻ ሥራው የሆነ ሰው በቤተ መንግሥት ነበር ብሎ ጽፏል። ዘመኑን የሚያውቁ ሰዎች ፈጠራ ነው ብለው ሲሟገቱት ኖረዋል። ፈጠራም ቢሆን ለመዋቅር ጥናት ይጠቅማል፤ ከዚያም በደከመ መነሻ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት አይተናል።

በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ለአሞጋሾች በሆቴል የአቅም ግንባታ ሥልጠና ይሰጣል፤ አበል አለው። ባለድርሻ አካላት ተጠርተው ይወያያሉ፤ ውይይቱ ረዝሞ ባለድርሻዎቹ ራሳቸው ወደ አጥሩ ይወጣሉ። በሁለተኛው ሩብ ዓመት አደረጃጀቱ አንድ ለአምስት ይሆናል፤ አንድ አሞጋሽ ለአምስት ሸኚ። በሦስተኛው ሪፖርት ይቀርባል፤ ከዕቅዱ 97 በመቶ ተከናውኗል፣ ቀሪው 3 በመቶ የግንዛቤ እጥረት ነው። ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሕዝቡ ዘዴውን ይደርስበታል። ሥጋ ፈልጎ ውኃ ይጠጣል። ምሳውን በሽንት የሚሸፍን ጎረምሳ ይበዛል። ኩፖን ይታተማል፤ ኩፖኑ ቶጎ ውጫሌ ላይ ከሐርጌሳ በኩል ተመሳስሎ ይገባል። ባቢሌ ገበያ የግመል ዋጋ ይንራል። ኦዲተር ይመጣል፤ ከረጢቱ ይመዘናል፤ ሥጋውን አሞጋሾቹ ራሳቸው ሲበሉት መኖራቸው ይታወቃል። እነሱም እንዲህ ብለው ይከራከራሉ፦ እኛም እኮ ሸንተናል፤ ማን አሞገሰን? ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ የአሞጋሾች አሞጋሽ የሚባል መደብ ይከፈታል፤ ደረጃው አንድ እርከን ከፍ ይላል፤ መኪና ይመደብለታል። ከድሬዳዋና ከሐረር ለልምድ ልውውጥ የሚመጡ ልዑካን ሽንታቸውን እንደያዙ ካራማራ ላይ ይደርሳሉ፤ የጅጅጋን ሙገሳ መቅመስ ይፈልጋሉና።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ አንድ የተረሳ ነገር እንዳለ ይታወቃል። ሰውየው ክንዱን ተይዞ የሚወሰድበት መጸዳጃ ቤት።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁመው። ለማክስ ግቢው ጥግ ላይ ጠጠር ፈስሶ፣ በድንጋይ ተከልሎ፣ የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል። ከዚያው አጥር ውጭ ሻሂ የምታፈላ ሴት አለች፤ ከጠዋት እስክትገባ ድረስ ይዛ ትውላለች። ወንዱ አጥር አለው፤ እሷ አጥርም የላትም።

ወደ ማክስ ልመለስ። የዳክስሁንድ አያቶች የተዳቀሉት ባጀር የሚባለውን አውሬ ጉድጓዱ ድረስ ገብተው እንዲያወጡ ነው፤ እግራቸው ያጠረውም፣ ደረታቸው የሰፋውም፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የገዘፈውም ለዚህ ነው። ማክስ የሚቆፍረው ጉድጓድ ስላጣ ሶፋውን ይቆፍራል። ሶፋው ላይ ዘሎ ሲወጣና ሲወርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ይህ ዘር የአከርካሪ ዲስኩ በቀላሉ የሚጎዳ ነው። ስለዚህ መወጣጫ እንዲሠራለት አናጢ ተጠራ። አናጢው ለክቶ ሲጨርስ፣ በአዘኔታ፣ «በሽተኛው ልጅ ነው አዋቂ?» ብሎ ጠየቀ። ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ግመልና ፍየል የሚያክም ሰው እዚህ አይጠፋም፤ ማክስ ያስነጠሰ ቀን ግን ሐኪም የተገኘው አዲስ አበባ፣ በቪዲዮ ጥሪ ነው። የሕፃን ዳይፐር የሚሸጥ ነጋዴም «ለውሻ የሚሆን» ሲባል የቀልዱን መጨረሻ እየጠበቀ ብዙ ቆመ።

አከራያችን፣ በሶማሊኛ አክስቴ ለማለት ኤዶ የምንላቸው፣ ነገሩን በትዕግሥት ነው የያዙት። በሻፊዒ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር። ድመታቸው ከምንጣፋቸው ጫፍ ላይ ተኝታ ታነጋለች፤ በእሷ ጣጣ የለም። ማክስ አንድ ቀን የውዱእ ጆጋቸውን ላሰው። ባለቤቱ ሮጦ መጥቶ «ኤዶ፣ ግድ የለም፣ ተከትቧል!» አላቸው። ኤዶ ምንም አልመለሱም። ውኃው በጀሪካን፣ በአህያ ጋሪ፣ በብር የመጣ ነው። ጆጉን ከመጀመሪያ እስከ ሰባተኛ ሲያጥቡ እየቆጠርኩ አየኋቸው፤ ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ማክስን ጎንበስ ብሎ «ደነገጥክ እንዴ የኔ ልጅ?» ይለው ነበር። የማክስ ባለቤት ክርስቲያን ነኝ ብሎ ልቡን አይንፋ፤ እሱም ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቢገባበት ዝም አይልም። ሰው በሰው አገር ሲኖር ሰባቱን እጥበት እንኳ ራሱ ቢያጥብ ምን ነበረበት?

በዳክስሁንድ ዙሪያ ከእኛ አስቀድሞ የሮጠ ኢትዮጵያዊ አለ። የ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ምልክት ቫልዲ የሚባል ባለ ብዙ ቀለም ዳክስሁንድ ነበር፤ በኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው ይፋዊ ማስኮት ነው። አዘጋጆቹ በፍቅሩ ነሁልለው የማራቶኑን መንገድ በካርታ ላይ ሲታይ የእሱን ቅርጽ እንዲመስል አድርገው ቀየሱት። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ አገር ሁሉ ለዘመን መለወጫ ሽር ጉድ ሲል፣ ማሞ ወልዴ በዚያ ውሻ ዙሪያ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። ነሐስ ይዞ ገባ።

እኛ ግቢ በየሌሊቱ በውሻ ዙሪያ የሚሮጠው ሰው ምን ይዞ ይገባል?

ባለቤቱማ ለእንግዳ ሁሉ «በትዕግሥት አሠለጠንነው» ይላል። ይህን ሲል ቡና የምትቀዳዋ ልጅ እዚያው ናት። ከሐረርጌ ገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። ሌሊት 9 ሰዓት፣ ጅብ ከከተማው ዳር ሲያላዝን፣ ነጠላዋን ተከናንባ ማክስን አቅፋ የምትወጣው እሷ ናት። የጅጅጋ ነፋስ በዚያ ሰዓት ምሕረት የለውም። ማክስ እስኪያሸት፣ እስኪመርጥ፣ እስኪወስን ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ ማሞገስ አለባት። ታፍራለች፤ ሰው እንዳትቀሰቅስ መጀመሪያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጎበዝ» ትላለች። ይኼኔ መስኮት ይከፈትና ጌታዋ ከብርድ ልብሱ ሳይወጣ ያርማታል፦ «ደስ ብሎሽ በይው እንጂ! ድምፅሽ ውስጥ ደስታ ይሰማው!»

ባለፈው አንድ ብርጭቆ ሰበረች። በግድግዳው በኩል የሰማሁትን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም። ምንጣፍ ላይ የሸና ውሻ የማይሰማውን ስድብ ብርጭቆ የሰበረች ልጅ ሰማችው። ይህ ውሻ መውደድ አይደለም፤ ነውር ነው። ማክስ ላይ ምንም ቂም የለኝም፤ ከዚያ ቤት እሷን ሲያይ ጅራቱን የሚቆላው እሱ ብቻ ነው።

አሁን የፕሮጀክቱ ጊዜ አልቋል፤ ሰውየው ወደ ናይሮቢ ሊዛወር ነው። ውሻውን ለማን እንደሚሰጥ ሲያማርጥ ሰንብቶ እኔን መረጠ፤ ጸጥተኛ ሰው ነህ፣ ማታ ማታ ትጽፋለህ፣ አምሽተህ ነው የምትተኛው አለኝ። ሦስት ገጽ መመሪያ አብሮ ሰጠኝ። የቁርስ ሰዓት፣ የጨዋታ ሰዓት፣ የሙገሳ ቃላት ዝርዝር፤ «ከጆሮው ጀርባ ይታከክ» የሚልም አለበት። ልጅቷ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅሁት። «ለእሷ ሥራ አይጠፋም» አለኝ። መመሪያውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና እሺ፣ እወስደዋለሁ አልኩት፤ ግን ከመሄድህ በፊት አንድ ሳምንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንተው ራስህ አውጥተህ አሳየኝ፤ ድምፅህ ውስጥ ያለውን ደስታ በሚገባ እንዳጠናው።

ሳቀ። ከየትኛው ሌሊት እንደሚጀምር ግን እስካሁን አልነገረኝም።