ስድስት ጣት ፀሐይ

ለጁባ ፎቶዬ ሎኬሽን የመረጥኩት አዲስ አበባ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው። የሳተላይት ካርታ እያገላበጥኩ ከነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር አንድ ጥላ አገኘሁ፤ ከወንዙ ማዶ ከተማው፣ ፀሐይም የምትጠልቀው በዚያው በኩል፣ ጎን ላይ ደግሞ ድልድዩ።

ያረፍኩበትን የሐበሻ ሆቴል የሚያስተዳድሩት እናት ግን ድልድይ፣ አውሮፕላን ማረፊያና ወታደር እንደማይነሳ፣ ለሌላውም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ምሳ ላይ ነገሩኝ። “ልጄ፣ እዚህ መጀመሪያ ሰው ነው የሚታየው፤ ብርሃኑ ኋላ ይደርሳል” አሉና ሽሮ ጨመሩልኝ።

ማየት አይከለከልም ብዬ ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ቆልፌ በቦዳ ቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ ሄድኩ። የእጅ ሰዓቴ 11 ተኩል ይላል። ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ እንኳ በማትርቀው ጁባ ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትወድቀው፤ ጎልደን አወር የሚባለው ወርቃማ ብርሃን ስሙ እንጂ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ በጣት መለካት ነው፦ ክንድን ዘርግቶ፣ በአድማሱና በፀሐይዋ መካከል ጣትን አግድም መደርደር፤ አንዱ ጣት 15 ደቂቃ ያህል። ሁለት ጣት ጠብቄ ስድስት ሆነብኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ደገምኩ። ስድስት። ያን ሁሉ ሽሮ በልቼ ጣቴ ከስቶ ይሆን?

“ማፊ ሱራ!” አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። በጁባ ዓረብኛ ፎቶ የለም ማለት ነው። ሲቪል ለብሷል፤ አቋሙ ግን የሲቪል አይደለም። ካሜራ እንዳላወጣሁ ለማስረዳት ቦርሳዬን ከፈትኩለት፤ ጭራሽ ባሰበት። ካሜራውን ደብቆ ድልድይ በጣቱ የሚለካ ሰው! እኔም ብሆን እይዘው ነበር።

“ሸምስ፣ ሸምስ” እያልኩ ፀሐይዋን አሳየሁት። ትንሽ አየኝና ክንዱን ዘረጋ። ጣቱ ወፍራም ነው፤ አምስት ቆጠረ። በአምስትና በስድስት ስንሟገት ስልኩን አወጣ፦ 4፡30። በእኛ 10 ተኩል። ለካ ደቡብ ሱዳን ጥር 24 ቀን 2013 ሰዓቷን አንድ ወደ ኋላ መልሳለች፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ስመጣ ሁለታችንም እኩል ነበር የምንቆጥረው። የእጅ ሰዓቴ ገና አዲስ አበባ ነው።

“ማፊ ሙሽኪላ”፣ ችግር የለም፣ ብሎ ቦዳ ቦዳ አስቆመልኝ፤ ዋጋውንም ራሱ ተከራክሮ፣ ስሄድ እስኪያይ ቆሞ ሸኘኝ።

ሆቴሉ ስደርስ ብርሃኑ ወርቅ ሆኖ የሴትዮዋ ጀበና ላይ አርፏል። ተምሬያለሁና መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ።

“ደስ ይለኛል፤ ቆይ ነጠላዬን ልልበስ” ብለው ገቡ።

ለብሰው ሲወጡ መሽቷል።